የአያ ይመር ጥርሶች

ባለፈው ጥቅምት ከውጫሌ ወደ ደሴ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ መሀል ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪክ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ተሳፋሪው በየጥላው ተበተነ። እኔም አስፋልቱ ዳር ቆሜ ስልኬን ስነካካ ድንገት ሽታ መጣብኝ፤ የጋለ ዘይት፣ በዘይቱ ውስጥ ያረረ በርበሬ፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ዝናብ ያረጠበው ጭቃ የሚመስል ነገር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲጠበስ ጭቃ ጭቃ አይልም። አምባዛም ሽታው ሌላ ነው። ዞሬ ሳላይ ካርፕ መሆኑን አወቅሁ።

«ምን ያስቅሻል እህቴ?» አለችኝ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ።

ለካ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። ጎማው እስኪቀየር ነግሬ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ «አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» ብዬ አለፍኳት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዕድሜዬ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆን ነው። ትምህርት ቤት ለክረምት እንደተዘጋ አባቴ ውጫሌ ላይ አውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ሐይቅ ላከኝ፤ ወደ ታላቅ እህቱ፣ ወደ እቴ ሐዋ። እቴ ሐዋ ልጅ አልነበራትም። «ክረምቱን እንኳ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ ልስማ፤ ሉባባን ስደድልኝ» ብላ ልካበት ነበር። ድምፅ ያለችው ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፤ የእሷ ብቻውን ለሰፈሩ ይበቃ ነበር። ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የምታስር፣ ስትስቅ ጭኗን በጥፊ የምትመታ ሴት ነበረች።

ሥራዋ ዓሣ መጥበስ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ መገንጠያ ላይ በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ዳስ ነበረቻት፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር ትልቅ መጥበሻ። ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሁሉም ሰው ወሬውን ያቆማል። ዳጣ የፈለገ ምላሱን እያሳየ፣ ሎሚ የፈለገ ጣቶቹን እየጨመቀ ይጠይቃል። እኔም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሄን የእጅ ቋንቋ አጥርቼ ተማርኩ።

ያን ክረምት ቆሮሶ አንሶ ነበር። መረቡ ይዞት የሚወጣው በብዛት ካርፕ ነው። ካርፕ ወፍራም፣ ወርቅማ፣ አፉ ዳርና ዳር ላይ አጫጭር ጢም ያለው ዓሣ ነው። ቅርፊት ስላለው ክርስቲያኑም እንደ አምባዛ አይጠየፈውም። ችግሩ እሾኹ ነው፤ ሥጋው ውስጥ እንደ ክር የተበተነ ቀጫጭን አጥንት አለው። ሌሎቹ ነጋዴዎች ሲሸሹት እቴ ሐዋ ግን መላ አገኘችለት። ቢላዋዋን ስላ ግራና ቀኙን በጣም በቀጭን በቀጭኑ ትበጣውና እሾኹ ዘይቱ ውስጥ ተሰባብሮ እስኪጠፋ ድረስ ትጠብሰዋለች። «ባለጢሙ» ነበር የምትለው።

የኔ ሥራ ቅርፊቱን መግፈፍ ነው። በቢላዋ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ ስገፋው እየተስፈነጠረ ፊቴና ፀጉሬ ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ እንደ ጥፍር ይጠነክራል። ጢም ያለው ሁሉ ወንድ ይመስለኝ ስለነበር «ሴቶቹን የማያጠምዷቸው ለምንድን ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ከአንዱ ባለጢም ሆድ ሁለት እፍኝ እንቁላል ሲወጣ ጮህኩ። እቴ ሐዋ ጭኗን መታች። «እኔስ ብሆን ጢም አለኝ አይደል እንዴ?» ብላ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለችውን ጥቂት ፀጉር አሳየችኝ።

ዓሣውን በየጠዋቱ የሚያመጡልን አያ ይመር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከታች ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሲናገሩ በየቃሉ መሀል ትንሽ ፉጨት አለ። አንድ ጠዋት እሳቸውን ተከትለን ወደ ሐይቁ ወርደን ሳለ ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ነጭ ነጭ አለ። አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየሰበሰበ «አያ፣ ዛሬስ ባይገቡ ይሻላል» አላቸው።

አያ ይመር ተቆጡ። «አንተ ልጅ! እኔ እኮ እዚህ ሐይቅ ላይ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ!»

ሥራውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል ማለታቸው እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ቀና ብዬ አፋቸውን አየሁ። እውነትም ጥርስ የለም። ከዚያ ዞሬ ያን ሰፊ ውሃ አየሁት። ያን ሁሉ ጥርስ እዚያ ውስጥ ጥለው ነው የሚኖሩት?

ከጥቂት ቀን በኋላ እቴ ሐዋ የተቀቀለ የካርፕ ራስ በሳህን ሰጠችኝ። የዓሣ ራስ መምጠጥ እወድ ነበር። ጉንጩን ጨርሼ፣ መተንፈሻው ካለበት ቀይ ነገር ኋላ፣ ጉሮሮው ጋ ጣቴን ስሰድ ቆልመም ያለ አጥንት አገኘሁ። አወጣሁት። አጥንቱ ላይ ጥርስ ተተክሏል። የዓሣ ጥርስ ይሆናል ብዬ የምጠብቀው ዓይነት ሹል አይደለም። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነጭ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ፤ የሰው መንጋጋ ቁርጥ! የዓሣውን አፍ ከፍቼ አየሁ፤ ከንፈርና ድድ ብቻ ነው። አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ የሌለው ፍጥረት ጉሮሮው ውስጥ ጥርስ ከተገኘ ከሰው ውጦት ነው እንጂ ከየት ያመጣዋል? የማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ።

ለማንም ሳልናገር ከሁለት ራስ አራት ጥርስ ለቀምኩ። በአመድ ፈትጌ አጠብኳቸው፤ በመሀረብ ቋጠርኳቸው። በማግስቱ እቴ ሐዋ ዓሣ ስትመርጥ እኔ ጀልባው አጠገብ መረብ ወደሚጠግኑት አያ ይመር ሄድኩ።

«አያ፣ አገኘሁልዎት።»

«ምኑን ልጄ?»

«ጥርስዎን።»

መሀረቡን ፈቱት። አንዱን ጥርስ አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙትና አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለስ አድርገው ጥርሱን ጉንጫቸው ውስጥ ከተቱና ሁለት ሦስቴ አላመጡ።

«ይሄ የግራው ነው» አሉ። «ትንሽ ጠቦኛል እንጂ የራሴው ነው። አላህ ይስጥሽ። የቀሩትንም ብትፈልጊልኝ ዱዓዬ አይለይሽም።»

ከዚያ ቀን ወዲያ መሬት ላይ የምሄድ አይመስለኝም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ መኖር ግን ከባድ ነው። አጠገባችን ሻይና ዳቦ የምትሸጥ እትዬ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፤ ልጇ ትርንጎ እኩያዬ ናት። ለትርንጎ ነገርኳት። እሷ ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝና ጥያቄ ጀመረች።

«ጥርሳቸውን ዓሣው ነው የነቀለባቸው?»

«አዎ።»

«እጃቸውንስ?»

«እጃቸው አለ። አላየሽም?»

«የሌላ ሰው እጅስ በልቶ ይሆን?»

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። «እንጃ» አልኳት።

ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ይቺ «እንጃ» ናት።

የሐምሌ መጨረሻ ነበር። በነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል፤ ዓሣ ለጾም ይበላል የሚሉት ክርስቲያኖች ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ወደ እቴ ሐዋ ዳስ ይጎርፋሉ። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ገበያ እሱ ነው። ዘይቱን በጄሪካን፣ ዱቄቱን በኬሻ አስገብታለች፤ አግዳሚ ወንበሮቹን በሳሙና አሳጥባኛለች፤ አያ ይመር ከወትሮው እጥፍ ዓሣ እንዲያመጡ ተነግሯቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መጡ፤ እኛ ጋ ሲደርሱ አስፋልቱን ተሻግረው በወዲያኛው ጠርዝ አለፉ። ዘይቱ ግሎ ማጨስ ጀመረ። እቴ ሐዋ እሳቱን ቀነሰች። ደግማ ለኮሰች። ደግማ ቀነሰች። ያን ቀን የበላነው እኔና እሷ ብቻ ነን። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። ሙስሊሞቹ ደንበኞቻችንም ቀሩ። በየቀኑ ምሳውን እኛ ጋ የሚበላ አንድ ጨርቅ ነጋዴ በሩቁ ሰላም ብሎ «ዛሬስ ሆዴን አሞኛል» አለ፤ እቴ ሐዋ ግን ከእትዬ አስካለ ዳቦ ገዝቶ ሲገምጥ አየችው።

በሦስተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመና እውነቱን ነገራት።

«አልሰማሽም እንዴ? ካርፑ ሰው በልቷል ይላሉ። የሰው መንጋጋ ተገኝቶበታል አሉ፤ ከነወርቅ ጥርሱ!»

እቴ ሐዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ጭኗንም አልመታችም። እጆቿን ሽርጧ ላይ ዘርግታ ዓሣው የተከመረበትን ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ታያለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል አይቻት አላውቅም ነበርና የታመመች መሰለኝ። የሠራሁት ሥራ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ወደ ውጫሌ ትመልሰኛለች፤ አባቴም ለምን እንደተመለስኩ ይጠይቃል። ነገሩን ለማቃናት አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ፦ ጥርሶቹን ከአያ ይመር ተቀብዬ ወደ ሐይቁ መመለስ።

በዝናብ ሮጥኩ። አያ ይመር ከአንድ ዛፍ ሥር ላስቲክ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ጥርስዎን ይመልሱልኝ!» አልኳቸው እያለቀስኩ። «ልጥላቸው ነው። ሰው በላ ብለው እቴን የሚገዛት ጠፋ።»

የሆነውን ሁሉ አስደግመው ሰሙኝ። መጀመሪያ ሊስቁ ነበር፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ላስቲካቸውን አውልቀው እኔን አለበሱኝ። «አብሽሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ያጃጃልኩሽ እኔ ነኝ። ነይ እንሂድ» አሉ።

ዳሱ ስንደርስ በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ሐዋ፣ ልጅቱን እንዳትነኪያት» ብለው ጥርሴን ነቀልኩ ካሉበት ቀን ጀምሮ እስከ መሀረቡ ድረስ ሁሉንም ተናገሩ። «ደስ ብሏት ስላመጣችልኝ ላሳፍራት አልወደድኩም። ጥርሱ የዓሣው የራሱ መሆኑን ያን ጊዜ ብነግራት ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

እቴ ሐዋ ከአግዳሚው ተነሣች።

«አንቱ ሽማግሌ!» አለች፣ ድምፅዋ ተመልሶላት። «ጥርስ የሚያበቅሉት በኔ እንጀራ ላይ ነው?»

የዓሣው የራሱ ጥርስ ነው የሚለውን እኔ አላመንኩም። ጉሮሮ ውስጥ ጥርስ ይበቅላል እንዴ? አያ ይመርም ይሄን አይተውብኛል። «ነገ ራስሽ ታያለሽ፤ ሰዉም ያያል» አሉ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አያ ይመር አንዱን ጠረጴዛ አውጥተው አስፋልቱ ዳር አቆሙት። በአህያ የሚጫን የሚያህል ትልቅ ቅርጫት ይዘው መጥተዋል፤ ውስጡ ከትልቅ እስከ ትንሽ ካርፕ ብቻ ነው። ቅዳሴ የወጣው ሰው ብቅ ሲል ያ የሚያፏጭ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ኑ! ሰው የበላውን ዓሣ ኑና እዩ!»

«ዓሣ ብሉ» ቢሉ ኖሮ ማንም አይመጣም ነበር። ለዚህኛው ግን አስፋልቱን ያልተሻገረ አልነበረም። ባጃጆች ቆሙ። ያ የጨርቅ ነጋዴ መጣ፤ ያ የጭነት መኪና ሾፌርም መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከሁሉም ፊት እትዬ አስካለ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ትርንጎን በእጇ ጎትታ ቆመች።

አያ ይመር ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። «የት እንዳለ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ክፈቺው።»

የመጀመሪያውን ትልቅ ዓሣ ራስ ሰነጠቅሁ። ቆልማማውን አጥንት አውጥቼ ሳሳይ ግማሹ ሰው «አዑዙ ቢላህ!» ግማሹ «በስመ አብ!» አለ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ አለው። ሦስተኛውን፤ አለው። አምስተኛው ላይ ሰው መደንገጡን ትቶ መቅረብ ጀመረ። አያ ይመር የአንዱን አንጀት ቀድደው የተፈጨ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አፍስሰው አሳዩ። «አፉ ለስላሳ ነው፤ ከጭቃው እየመጠጠ ያስገባል። የሚያኝከው እዚህ ጉሮሮው ጋ ነው። አላህ ሲፈጥረው እንዲያ አደረገው» አሉ።

እትዬ አስካለ ግን ጃንጥላዋን አላጠፈችም። «ሁሉም በልተው ቢሆንስ?» አለች።

ያን ጊዜ አያ ይመር ከቅርጫቱ ሥር መዳፌን የማታክል ካርፕ አውጥተው ሰጡኝ። ራሷን በጥፍሬ ከፈትኳት። ቆልማማው አጥንት እንደ ቁራጭ ጥፍር ቀጥኖ ወጣ፤ ጥርሶቹ የሰሊጥ ፍሬ ያህላሉ። አያ ይመር ከእጄ ወስደው እትዬ አስካለ መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲህ አስካለ፣ ይሄ የማን ጥርስ ነው? እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሰው ሐይቅ ከተማ ካለ ጥሩልኝ፤ እጁን ልሳም።» ከዚያ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ለሰዉ ሁሉ አዞሩት። «የኔን የጨረሰው ደግሞ ዓሣ አይደለም። ሸንኮራ አገዳ ነው!»

ሳቁ ከቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ፈነዳ። እኔ ግን የምለው ነበረኝ።

«ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ!» አልኩ።

«እጅ ያልኩት እኔ ነኝ!» አለች ትርንጎ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እያለቀሰች።

«ወርቁንስ ማነው የጨመረው?» አለች እቴ ሐዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ያ የጭነት መኪና ሾፌር ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያይ ጀመር።

እትዬ አስካለ ያቺን ቅንጣት ጥርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጃንጥላዋን አጠፈች፤ ገብታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በይ ሐዋ፣ አንድ ጣይልኝ» አለች። እቴ ሐዋ ትልቁን መርጣ ጣለችላት። ሰው ሁሉ ቆሞ የአስካለን መንጋጋ ያያል። አስካለ ቀስ ብላ፣ እሾኽ እየጠበቀች፣ አኘከች። ደገመች። «እሾኹ የታለ?» አለች። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ ጠፋ።

የፍልሰታ ቀሪ ቀኖች እንዴት እንዳለፉ አላስታውስም። ዱቄትና ዘይት ብቻ ትዝ ይለኛል። ሰው ዓሣውን ከማዘዙ በፊት «ጥርሱን አሳዪን» ይላል፤ እኔም ከፍቼ አሳያለሁ። የሰፈሩ ልጆች ጥርሶቹን ለጠጠር ጨዋታ ይሻሙባቸው ነበር። እቴ ሐዋ ስለ ነገሩ አንድ ቀንም አልተቆጣችኝም። በሰው ላይ ቅሬታ ካላት ቁጣዋ ይሰማል፤ ስለዚህ አለመቆጣቷን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት።

ጾሙ ተፈትቶ ክርስቲያኑ ወደ ሥጋው በተመለሰ ማግስት አያ ይመር መጡና «ላስቀየምኳችሁ ልካሳችሁ፤ ዛሬ ጀልባ ላይ እወስዳችኋለሁ» አሉ። እቴ ሐዋ ያን ያህል ዓመት ዓሣ ስትሸጥ አንድ ቀን እንኳ ውሃው ላይ ወጥታ አታውቅም ለካ። «ቢስሚላህ» እያለች ገባችና የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች።

ጠዋቱ ብሩህ ነበር። የአምባሰል ተራሮች ከወገባቸው በላይ ደመና ለብሰዋል። ውሃው ሞልቶ የዳሩን ሣር ስለዋጠው ሣሩ ከውሃው በላይ እንደ ፀጉር ይወዛወዛል፤ በሣሩ መሀል ካርፖቹ ጀርባቸውን እያወጡ ይንቦጫረቃሉ። አያ ይመር መረባቸውን ሳብ አድርገው ክንድ የሚያህል አንድ ካርፕ በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ እኔ አቀረቡት። ወርቃማ ነው። አፉ እንደ ከረጢት ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ጣትሽን ስጪው» አሉኝ።

«ኧረ ተዉ!» አለች እቴ ሐዋ።

ጣቴን ከተትኩ። ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ሥጋ ብቻ። ጣቴን ጠባ ጠባ አድርጎ ለቀቀው። አያ ይመር ፊቴን እያዩ «ታዲያ አሁን ምን ይሰማሻል?» አሉኝ፣ በርኅራኄ። ዓሣውን ይልቀቁት እላለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል።

«እቴ» አልኩ ዓይኔን ከዓሣው ሳልነቅል፣ «ይሄ እኮ ለአራት ሰው ይበቃል!»

እቴ ሐዋ ሁለቱንም እጇን ከጠርዙ ለቀቀችና ጭኗን መታች። ጀልባው ተናወጠ። «አርፈሽ ቁጭ በይ አንቺ ሴትዮ!» ብለው አያ ይመር ሲጮሁ ካርፑ ከእቅፋቸው ተስፈንጥሮ ወደ ሣሩ ገባ። ሦስታችንም የገባበትን ቦታ አፍጥጠን አየን፤ ውሃው ትንሽ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ።

«በይ እንግዲህ» አለች እቴ ሐዋ ዕንባዋን በሻሿ እየጠረገች፣ «ለአራቱ ሰዎችሽ ሽሮ ሥሪላቸው!»